ማውስ አያያዝና ኤይም (ማነጣጠር)፦ እጃችሁን ከጠረጴዛችሁ ጋር እንዴት ታስማማላችሁ?

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የተኩስ ጌም የሚጫወት ልጅ ለምን እንደሚስት ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ ፒንግ፣ ማለትም የኢንተርኔቱ መዘግየት። እውነት አለው። ግን ያለ ኢንተርኔት ከቦቶች (ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው ተጫዋቾች) ጋር ስትጫወቱም ጥይቱ ጆሮ ስር የሚያልፍ ከሆነ ፒንግን ተዉትና እጃችሁን እዩ።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳንቴል አንሱ። የማውሱ ሴንሰር እንቅስቃሴን የሚያውቀው ከሥሩ ያለውን ገጽ በማየት ነው። ዳንቴል ላይ የተነጠፈ የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ያምታታዋል። የጨርቅ ማውስ ፓድ ተጠቀሙ። የሴንሰሩን ቀዳዳም አልፎ አልፎ በደረቅ የጆሮ ጥጥ ጥረጉ፤ መቼም የኛ ሰፈር አቧራ አይቻልም። ዊንዶውስ ላይ «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን፣ እንደ እጃችሁ ፍጥነት የጠቋሚውን ጉዞ የሚለዋውጠውን ምርጫ፣ አጥፉት።

ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁን ማውሱ ላይ ጣሉት። ምኑ ነካ? መዳፋችሁ በሙሉ ካረፈና ጣቶቻችሁ ከተዘረጉ አያያዛችሁ ፓልም ነው። ከመዳፋችሁ ወደ አንጓ ያለው የኋላ ክፍል ብቻ ነክቶ ጣቶቻችሁ ከጎበጡ ክሎው ነው። የጣት ጫፍ ብቻ ከነካ ፊንገርቲፕ ይባላል። ታዋቂ ተጫዋች ስለያዘው ብላችሁ አትቀይሩ፤ የእሱ እጅም ማውስም ሌላ ነው። ፓልም እጅን ያረጋጋል፣ የሚሮጥን ሰው ለመከተል ይመቻል። ፊንገርቲፕ ትንሽና ቀላል ማውስ ይፈልጋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ለማስተካከል ፈጣን ነው፣ ግን ቶሎ ያደክማል። ክሎው መሃል ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጠረጴዛውን ነው። ካውንተር ስትራይክ ላይ በ800 ዲፒአይ (የማውሱ የራሱ የፍጥነት ልክ) እና በሴንስ 1 (ጌሙ ውስጥ የሚስተካከለው ፍጥነት) ሙሉ ዙር ለመዞር ማውሱ 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይሄ የክንድ ሥራ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ ቴሌቪዥንም ቴርሞስም ካለ ቦታ ከየት ይመጣል? ሴንሱን 2 ብታደርጉት 26 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ያኔ ሥራው ወደ እጅ አንጓና ወደ ጣት ይሄዳል፤ ክሎው ወይም ፊንገርቲፕ ይሻላል። ቫሎራንት የሚባለው ሌላው የተኩስ ጌም ላይ ያንኑ ፍጥነት ለማግኘት የካውንተር ስትራይኩን ሴንስ ለ3.18 አካፍሉ።

አሁን ቦት አቁሙና ጭንቅላቱ ላይ አንድ አንድ ጥይት ተኩሱ። የምትስቱበትን አቅጣጫ ያዙ። ወደ ጎን አልፋችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሴንሱን ትንሽ ቀንሱ። ከላይ ወይም ከታች የምትስቱ ከሆነ መዳፋችሁ ማውሱን ቆልፎታል፤ ትንሽ አንሱት። ክሊክ ስታደርጉ ክሮስሄሩ (የማነጣጠሪያው ምልክት) ዘለል ካለ ደግሞ ጨምቃችሁታል ማለት ነው። ጣታችሁን እዩት፤ ጥፍሩ ሥር ነጭ ሆኗል። ማውሱን የሚይዙት አውራ ጣትና ቀለበት ጣት ናቸው፤ ጠቋሚ ጣት ክሊክ ያድርግ፣ አለቀ። ችግሩ ክላች ላይ፣ ማለትም ከቡድናችሁ ብቻችሁን ስትቀሩ፣ ይብሳል፤ ሰው ሲደነግጥ ይጨምቃል።

ወንበሩ ካጠረ ክንዳችሁ ይንጠለጠላል፣ አንጓችሁም የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይታጠፋል። ጋቢ አጥፋችሁ ተቀመጡበት፤ ክርናችሁ ከጠረጴዛው እኩል ይሁን። አንጓችሁን ካመማችሁ ወይም ጣታችሁ ከደነዘዘ ራንኩ (የደረጃ ጨዋታው) ይቆይ፣ ማውሱን አስቀምጡት። ሕመሙ ካልተዋችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።