ከድሬዳዋ ጣሊያን ለገባችሁ፦ ሕክምና የሚጀመረው ከአዝል ነው

ድሬ ላይ የታመመ ሰው ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ሄዶ ካርድ ያወጣና ተራውን ይጠብቃል። ጣሊያን ገብታችሁም ለጉንፋንና ለወገብ ሕመም በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውላችሁ በመጨረሻ 25 ዩሮ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ድንገተኛ ክፍሉ ሕመሙን በቀለም ይመድባል፤ ነጭ ከወጣላችሁ ቀላል ነው ማለት ስለሆነ ያስከፍላል።

መጀመሪያ የሚኬደው አዝል ነው። አዝል በክልሉ መንግሥት ሥር ሆኖ የአንድን አካባቢ ሕክምና የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ነው፤ ሐኪም ያስመርጣል፣ ክትባት ይሰጣል፣ ቀጠሮ ያደራጃል። ስሙ ከክልል ክልል ይለያያል፤ ቦሎኛ ላይ አውስል ይሉታል።

ለመመዝገብ ፓስፖርት፣ ሶጆርኖ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ (ገና ካልወጣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ)፣ ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለውን የግብር መለያ ቁጥርና የመኖሪያ አድራሻ ያዙ። የሐኪሞች ዝርዝር ይሰጧችኋል፤ አንድ ሜዲኮ ዲ ባዜ (የቤተሰብ ሐኪም) በመደበኛው እስከ 1,500 ሰው ስለሚይዝ የሞላበትን መምረጥ አትችሉም። ለቤታችሁ ቅርብ የሆነውን ምረጡ። እሱ ጋ መታየት በነጻ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሕፃናት ሐኪም ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ሶጆርኖው ሲያልቅ ነው። ምዝገባውም አብሮ ያልቃል፣ ስማችሁም ከሐኪሙ መዝገብ ይወጣል። የእድሳቱን ደረሰኝ በእጃችሁ እንዳገኛችሁ ለአዝል ውሰዱ፤ እስክትታመሙ አትጠብቁ።

ስፔሻሊስት ካስፈለገ ሐኪማችሁ ኢምፔኛቲቫ የሚባለውን ማዘዣ ይጽፋል። እዚያ ላይ ያለችውን አንዲት ፊደል ሳታዩ ከክፍሉ አትውጡ። «ኡ» በ72 ሰዓት፣ «ቢ» በ10 ቀን፣ «ዲ» ለሐኪም ምርመራ በ30 ለራጅና ለመሰል ምርመራዎች በ60 ቀን፣ «ፒ» በ120 ቀን ውስጥ ማለት ነው። ሕመማችሁን አሳንሳችሁ ከተናገራችሁ «ፒ» ይጻፍላችኋል። ስለዚህ እንደ ባህላችን «ደኅና ነኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ከመቼ ጀምሮ፣ የት፣ ምን ያህል እንደሚያማችሁ በግልጽ ንገሩ። ኩፕ የተባለው የቀጠሮ ቢሮ «ቦታ የለም» ካላችሁም ተመልሳችሁ አትሂዱ፤ በፊደሉ ቀነ ገደብ ውስጥ ሌላ ቦታ መፈለግ የአዝል ግዴታ ነውና ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ። መቅረታችሁ ካልቀረ ቢያንስ ከ2 የሥራ ቀን በፊት ሰርዙ፤ አለዚያ ክፍያው ይጠየቃል።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። ወረቀቱ ላይ 8:30 ካለ በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል መስሎት ሄዶ ቀጠሮው ያለፈበት ብዙ ነው።

ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ የክትባት ካርዱን ከድሬ ሳትይዙ አትነሡ። በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ 10 ክትባቶች ግዴታ ናቸው፤ ያለ እነሱ መዋዕለ ሕፃናት አይቀበልም። ካርዱ ላይ 5/9/2013 የተባለው ግንቦት 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 13 ቀን 2021። ነርሷ እንዳለ ካነበበችው ግን ልጁ ከመወለዱ በፊት የተከተበ ይመስላል፣ እንደገና ሊወጋም ይችላል። ቀኖቹን ለውጣችሁ አስተርጉሙ።

ወረቀት የሌለው ሰውም ይታከማል። ኤስ-ቲ-ፒ የሚባል ለ6 ወር የሚሠራና የሚታደስ ቁጥር ይጠይቅ፤ ለሕክምና የቀረበን ሰው ለፖሊስ ማመልከት በሕግ የተከለከለ ነው። እርጉዝ የሆነች እህት ኮንሱልቶሪዮ ወደሚባለው የእናቶችና የቤተሰብ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ማዘዣ አያስፈልጋትም።

ማታ፣ ሐኪማችሁ በማይገኝበት ጊዜ፣ ግዋርዲያ ሜዲካ የሚባለው ተረኛ ሐኪም ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት አለ። ለአስጊ ነገር 112 ወይም 118 ደውሉ። ድሬ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ግን አታድሩበት። በ2022 እንደታየው ወባ ከተማው ውስጥም ይዛመታል፤ የጣሊያን ሐኪም ደግሞ ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ሄዳችሁ ገና በሩ ላይ «ወባ ካለበት አገር ነው የመጣሁት» በሉ።