ልጅ «እኔ» ማለት ሲጀምር፦ ስለ ማንነትና ስለ ፆታ ለወላጆች

ሙአለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ወላጆች ሲያገኙኝ «ልጄ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚያውቀው መቼ ነው? እኔስ ምን ልበለው?» ይሉኛል። ከፆታው አልጀምርላቸውም። ልጁ መጀመሪያ «እኔ» የሚባል ሰው እንዳለ ይወቅ።

ይህን ቤታችሁ ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ፊቱን እየጠረጋችሁ፣ ሳያውቅባችሁ፣ አፍንጫው ላይ ቆዳ የማይጎዳ ቀይ ቀለም ነካ አድርጉ። ከዚያ መስታወት ፊት አቁሙት። የአንድ ዓመት ልጅ መስታወቱ ውስጥ ላለው ሕፃን ይስቃል፣ መስታወቱን በእጁ ይመታል። ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ግን ብዙዎቹ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አፍንጫ ይሰዳሉ። ቢውላ አምስተርዳም የምትባል ተመራማሪ በዚህ መንገድ የሠራችውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 አሳትማለች። ልጃችሁ ትንሽ ቢዘገይ አትደንግጡ።

በዚያው ሰሞን «የኔ!» ይመጣል። ወላጅ ልጁ ስስታም የሆነበት ይመስለዋል። አይደለም፣ ራሱን ከሌላው ሰው እየለየ ነው። ስለዚህ ከእጁ አትንጠቁት። «አዎ፣ ኳሱ ያንተ ነው። ተጫውተህ ስትጨርስ ለእሷ ትሰጣታለህ» በሉት። እኔ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ፎቶው የተለጠፈበት ሣጥን አለው። እዚያ ውስጥ ያስቀመጠውን አካፍል አይባልም። የራሱ እንደማይወሰድበት ያመነ ልጅ ሌላውን ለመስጠት አይቸገርም።

ቀጥሎ ያለው እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ነው። ልጅ ስለ ራሱ ያለውን ስሜት የሚገነባው በአብዛኛው ስለ ራሱ ከሚሰማው ታሪክ ነው። ማታ ከመተኛቱ በፊት የቀኑን ውሎ አብራችሁት አውሩ። ወሬው ግን ፈተና አይሁን። «ዛሬ የት ሄድን? ከማን ጋር? ከዚያስ?» እየተባለ መልስ ሲጠበቅበት ልጁ ይሰለቻል። እናንተ ጀምሩለት፦ «ከዥዋዥዌው ስትወርድ ወደቅህ አይደል? ጉልበትህ ተላጠ። መጀመሪያ ዝም አልክ፣ ከዚያ አለቀስክ። ያኔ ምን ተሰማህ?» እሱ አንድ ቃል ሲጨምር እናንተ ሁለት ጨምሩበት። ሮቢን ፊቩሽና ኢሌን ሪዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንን ነው። እናቶቻቸው እንዲህ በዝርዝር የሚያወሯቸው ልጆች ያለፈባቸውን ነገር የተሻለ ያስታውሳሉ።

ፊቩሽ ሌላም ነገር አስተውላለች። ወላጆች ስለ ሐዘን የሚያወሩት ከሴት ልጆቻቸው ጋር ይበዛል። እባካችሁ ወንዱንም «አዝነህ ነበር?» በሉት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ደግሞ ከቤታችሁ አውጡት። ልጁ ይህን ሲሰማ ማዘኑን አይተውም፤ ለእናንተ መናገሩን ይተዋል።

አሁን ወደ ፆታው። ብዙ ልጅ ሦስት ዓመት ገደማ ላይ «ወንድ ነኝ»፣ «ሴት ነኝ» ብሎ ይናገራል። ቋንቋም ያግዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ልጆች ከፊንላንድ ልጆች ቀድመው ፆታቸውን ይለያሉ። ዕብራይስጥ እንደ አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ»ን ይለያል፣ ፊንላንድኛ ግን «እሱ» እና «እሷ»ን እንኳ አይለይም።

ይህ እውቀት ግን ገና ሙሉ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሎረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳስረዳው፣ ፆታ በልብስና በፀጉር እንደማይለወጥ ልጆች በደንብ የሚረዱት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንድ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ «ሳድግ እናት እሆናለሁ» ብሎኛል። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ፀጉሯን ልትቆረጥ ሲሆን «ወንድ ልሆን ነው?» ብላ አለቀሰች። አትሳቁባቸው። ለልጁ «ስታድግ አባት ትሆናለህ። አባትም ሕፃን ያቅፋል፣ ያጥባል፣ ያስተኛል» አልኩት። ደስ አለው። የፈለገው ሕፃን ማቀፉን ነበር።

ገላውን ስታጥቡት የአካሉን ክፍሎች በስማቸው ጥሩለት። ብልቱንም ጭምር፣ ድምፃችሁን ሳትቀይሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሳንድራ ቤም እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጥናት፣ የወንድና የሴት አካል ልዩነት የገባቸው ትንንሽ ልጆች ልብስ ቢቀየርም ፆታ እንደማይቀየር የመረዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ደግሞም ያለ አግባብ የሚነካው ሰው ቢኖር፣ የአካሉን ክፍሎች ስም የሚያውቅ ልጅ ለመናገር ይቀለዋል።

አምስትና ስድስት ዓመት ላይ ድርቅ ይላሉ። «ሮዝ የሴት ነው!» ትሰማላችሁ። እያደጉ ሲሄዱ ይለዝባሉ፣ ስለዚህ ብዙ አትከራከሩ። «ወንድ ልጅ ሮዝ ሹራብ ቢለብስ ሴት ይሆናል እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁና ተዉት፣ ራሱ ያስብበት። ልጅቷ ከቀሚስ ውጪ አልለብስም ካለች ትልበስ። የምትሮጥበትና የምትንጠላጠልበት ቀሚስ ይሁን እንጂ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እኛ አዋቂዎች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ አንድ ጥናት፣ የ11 ወር ሕፃናት እናቶች ልጃቸው በዳዴ የሚወርደውን ቁልቁለት እንዲገምቱ ተጠየቁ። የወንዶቹ እናቶች ከፍ አድርገው ገመቱ፣ የሴቶቹ እናቶች ዝቅ አደረጉ። ሕፃናቱ ሲሞከሩ በወንድና በሴት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ልጃችሁ ልትወጣ ስትል «ትወድቂያለሽ» ከማለታችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ ቁሙና ምን እንደምትችል እዩ። ስታመሰግኗትም የሠራችውን ጥቀሱ፦ «ኳሱን እስከ አጥሩ ድረስ መታሽው!»

ትምህርት ቤት ስትመርጡ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ልጆቹ የሚሰለፉት እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ አስተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ልጆቹን ወንድና ሴት እያሉ ሲያሰልፉና ሲከፋፍሉ፣ ልጆቹ ከሌላው ፆታ ጋር መጫወት ቀነሱ። እኔ «ማሰሪያ ያለው ጫማ ያደረገ ይነሳ» እላለሁ። ሰልፉ እኩል ይፈጥናል።

ወንዱ በአሻንጉሊት፣ ሴቷ በመኪና ቢጫወቱ ሐኪም የሚያስኬድ ነገር የለውም። ልጁ በፆታው ምክንያት ለረጅም ጊዜ የሚጨነቅ ከሆነ ግን ሳትቆጡት አዳምጡት፣ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያም አማክሩ። ዓመት አልፎት በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሳትቆዩ ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት። መስማቱን ከመመርመር ይጀመራል።