ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ

ነገ ጠዋት ስትነቁ፣ ስልካችሁን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ለልባችሁ ስጡት። እዚያው እንደተኛችሁ ጠቋሚና የመሃል ጣታችሁን በሌላኛው እጅ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት ግርጌ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ። በአውራ ጣት አትለኩ፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትም ይቻላል፤ ግን ምቱ አልፎ አልፎ የሚዘል ከሆነ ሊያመልጣችሁ ይችላል። እኔ ከቁጥሩ እኩል የምከታተለው ይህንን የምት መዝለል ነው።

ያረፈ አዋቂ ሰው ልብ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ስፖርተኞች ጋ 40 አካባቢ ሊወርድ ይችላል፤ ልባቸው በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል።

ዋናው ነገር ግን የራሳችሁን ልክ ማወቅ ነው። ለአንድ ሳምንት መዝግቡት። ሁሌ 64 የነበረው ድንገት 78 ከሆነ ትኩሳት፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት ካልወረደ ተመርመሩ፤ የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ዕጢ ችግርም እንዲህ ያደርጋል። ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣማ ነገ አትበሉ፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።