12,000 ብር ደመወዝ፣ ሁለት የተለያየ ግብር

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላለ ሎጅ ደመወዝ የምሠራው በኤክሴል ነው። የገቢ ግብር ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል በቴሌግራም የሚዞር «አዲስ» የፔይሮል (የደመወዝ ማስሊያ) ፋይል ደረሰን። ሂሳቡ ግን አልገጥም አለ። የሼፉ ደመወዝ 12,000 ብር ነው። ፋይሉ 2,645 ብር ግብር ያወጣል፣ በካልኩሌተር በየእርከኑ ሲሰላ 2,250 ነው። የ395 ብር ልዩነት ለሠራተኛ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት 7 በመቶ ጡረታውን ነው። እሱ ትክክል ነበር። ፋይሉን እንደገና አወረድኩት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ከፈትኩት፤ ያው ነው።

በመጨረሻ የግብሩን ሴል ተጭኜ ፎርሙላውን አነበብኩ። መጣኔው አዲሱ 30 በመቶ ነው፣ ተቀናሹ (ደመወዙ በመጣኔው ከተባዛ በኋላ የሚነሳው ቋሚ ቁጥር) ግን የድሮው 955። በ1,350 ስተካው 2,250 ወጣ። ሌሎቹም እርከኖች እንደዚያው ነበሩ።

ትክክለኛው ይኸው፦ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። እስከ 4,000 ደመወዙ በ15 በመቶ ተባዝቶ ሲቀነስ 300፣ እስከ 7,000 በ20 ሲቀነስ 500፣ እስከ 10,000 በ25 ሲቀነስ 850፣ እስከ 14,000 በ30 ሲቀነስ 1,350፣ ከዚያ በላይ በ35 ሲቀነስ 2,050።

አሁን እርከኖቹን ለብቻቸው በአንድ ሺት ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ፎርሙላው በቪሉክአፕ (ከሰንጠረዥ ፈልጎ በሚያመጣው የኤክሴል ፎርሙላ) ከዚያ ያነባል። ሕጉ ሲቀየር ነጋሪት ጋዜጣውን አይቶ ያንን ሰንጠረዥ ብቻ ማስተካከል ነው።