ፓፈርና ጓደኞቿ፦ ከፊል ጨዋማ ውሃ ለሚፈልጉ ዓሦች

አረንጓዴ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለባትን፣ ዓይኗን እያንከባለለች በመስታወቱ በኩል የምትከተላችሁን ትንሽዬ ፓፈር (ስትደነግጥ ሆዷን የምትነፋ ዓሣ ናት) ዓሣ መሸጫ ቤት ውስጥ ያየ ሰው ሳይገዛ መውጣት ይከብደዋል። ልጅ ይዛችሁ ከገባችሁማ አለቀ። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትሸጠው ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ለጊዜው ደህና ትመስላለች፤ ትበላለች፣ ትዋኛለች። ውሎ አድሮ ግን ቀለሟ ይጠቁራል፣ ሆዷ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምግብ ትተዋለች። የትውልድ ቦታዋ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበት ነው፤ እያደገች በሄደች ቁጥር የምትፈልገው ጨው ይጨምራል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የዓሣውን ሳይንሳዊ ስም ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀው ፎቶ አንስታችሁ ቤት ሄዳችሁ አጣሩ፤ ዓሣው ነገም እዚያው ነው። ዲኮቶሚክቴሬ ኒግሮቪሪዲስ፣ ማለትም ያቺ አረንጓዴዋ፣ ከሆነች 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትደርሳለች፤ ጀርባዋ ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለባት ዘመዷ ግን ከ8 ሴንቲ ሜትር ብዙም አታልፍም፣ በቀላል ጨውም ትኖራለች። አተር የምታህለው የሕንዷ ፓፈር ደግሞ ጨው ጭራሽ አትፈልግም። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሕፃናት ስለሆኑ ያምታታሉ።

አሁን ወደ ጨዉ። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም። "የአኳሪየም ጨው" ተብሎ በካርቶን የሚሸጠውም ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የሚያስፈልገው ለባሕር ዓሣ የሚዘጋጀው የባሕር ጨው ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም፣ እንዲሁም ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር) እንዳይወርድ የሚይዝ ካርቦኔት አለው። የውሃው ፒኤች 8 አካባቢ ቢሆን ደስ ይላቸዋል። በሊትር 9 ግራም ገደማ ስትጨምሩ፣ የውሃውን ክብደት ጨው ከሌለው ውሃ ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ 1.005 ያሳያል። ጨው የሌለው ውሃ 1.000፣ ባሕር ደግሞ 1.025 አካባቢ ነው። ባለ 8 ቁጥሯ በ1.005 ትኑር፤ አረንጓዴዋን በ1.005 ጀምራችሁ ስታድግ ከ1.010 እስከ 1.015 አድርሷት። ጨዉን በባልዲ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ፓምፕ እየተናጠ አሟሙታችሁ በማግስቱ ጨምሩ እንጂ ዓሣው ላይ አትነስንሱ። በሳምንት ከ0.002 በላይ ከፍ አታድርጉት፤ ዓሣዋ ብትችለው እንኳ ፊልተሩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች አይችሉትም።

በመለኪያው ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ርካሹ የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር መርፌው ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። እኔ የምመክረው ብርሃን በውሃው ሲያልፍ በመታጠፉ ጨዉን የሚለካውን ሪፍራክቶሜትር ነው። በዲስቲልድ (ተንኖ በተጠራቀመ ንጹሕ) ውሃ ዜሮው ላይ አስተካክሉት፣ ከዚያ ከገንዳው ሁለት ጠብታ መስታወቱ ላይ ጣል አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉና ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ሰማያዊውና ነጩ የሚለያዩበት መስመር መልሳችሁ ነው። ውሃ ሲተን ጨዉ ገንዳው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ መስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ልክ ያዙና የጎደለውን ጨው በሌለው ውሃ ሙሉ። ጨዋማ ውሃ የምትጨምሩት ውሃ ስትቀይሩ ብቻ ነው።

የቧንቧ ውሃን በሚመለከት፣ አዲስ አበባ በባልዲ ቀድቶ አሳድሮ መጠቀም የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል። እኔ የምኖርበት አርሊንግተን ቨርጂኒያ ውሃው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሕድ) ነው የሚታከመው፤ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል። ክሎሪን ሲያድር ይበናል፣ ክሎራሚን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ክሎራሚንንም እንደሚያጠፋ የተጻፈበት ማከሚያ ግዙ። ዓሣ ከመግባቱ በፊት አሞኒያና ናይትራይት (ከቆሻሻ የሚመጡ መርዞች) ዜሮ መሆናቸውን መርምሩ፤ ፒኤቹ ከፍ ባለ ውሃ አሞኒያ ይበልጥ መርዝ ይሆናል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን።

(እኛም አገር ጨው የለመደ ዓሣ አለ። አፋር፣ አፍዴራ ሐይቅ ውስጥ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባል ዓሣ ይኖራል፤ ከዚያ ሐይቅና ከአካባቢው ምንጮች ውጭ አይገኝም። ጨው ለሚወጣበት ሐይቅ ትልቅ ጸጋ ነው፣ ሲወራለት ግን አልሰማም።)

ማን ከማን ጋር ይኖራል የሚለው ላይ ጠንከር እላለሁ። ለአረንጓዴዋ ፓፈር መልሴ ብቻዋን ነው፣ ቢያንስ 120 ሊትር ውስጥ። አንድ የሰፈራችን ልጅ "ጋሼ፣ ብቻዋን አታዝንም ወይ?" ብሎኝ ነበር። አታዝንም። ጓደኛ ብላችሁ የምታስገቡላትን ዓሣ ክንፉን እየቆረጠች ትጨርሰዋለች፤ ሞሊ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ሲሆን ቀናት አይፈጅባትም። ለምን ልጅ ሳለች ሰላማዊ ነበረች ብላችሁ አትገረሙ፣ ጠባይዋ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ባለ 8 ቁጥሯ ሰፋ ባለ ገንዳ ብዙ መደበቂያ ካለ ጎቢ ከሚባሉት ትንንሽ ባለ ቢጫና ጥቁር መስመር ዓሦች ጋር አብዛኛውን ጊዜ ትስማማለች፤ ቢሆንም ሌላ ገንዳ በተጠባባቂነት ይኑራችሁ።

ብዙ ዓሣ አንድ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ፓፈርን ይተውና ሞኖ፣ ስካትና አርቸር የሚባሉትን ዓሦች ይያዝ። ሦስቱ ይስማማሉ፤ የሚፈልጉት ጨው አንድ ዓይነት ነው፣ መጠናቸውም ይቀራረባል። ሞኖ በመንጋ ካልሆነ ይደነግጣል፣ አምስት ስድስት ሆኖ ይግባ። ሁሉም ከ20 ሴንቲ ሜትር ስለሚያልፉ ከ500 ሊትር በታች አታስቡት። ስካት ሆዳም ነው፤ አርቸር ደግሞ ዓይኑ ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ነው፣ የወደቀ ምግብ እምብዛም አይከተልም። ስለዚህ ለስካቱ በአንድ ጥግ የሚሰምጥ ምግብና ቅጠላ ቅጠል እየጣላችሁ በሌላው ጥግ ለአርቸሩ ክሪኬት (ፌንጣ መሰል ነፍሳት) ላዩ ላይ ልቀቁለት። ስካትን በባዶ እጅ አትያዙት፣ የጀርባው እሾህ መርዝ አለው።

የፓፈር ጥርስ ማደጉን አያቆምም። ቀንድ አውጣና ከነቅርፊቱ ሽሪምፕ እየሰነጠቀች ካልበላች ጥርሷ አድጎ አፏን ይዘጋዋል፤ ከዚያ ዓሣ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ካልከረከመላት በረሃብ ትሞታለች። ስትታመም መዳብ ያለበት መድኃኒት አትስጧት፣ ቅርፊት የሌላት ስለሆነች ይጎዳታል። ከገንዳ ወደ ገንዳ ስታዛውሯትም መረብ አትጠቀሙ፤ ከውሃ ወጥታ ከተነፋች የዋጠችውን አየር መልሳ ማስወጣት ይቸግራታል። ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውሃው ውስጥ አስጥማችሁ፣ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ መርታችሁ፣ ከነውሃዋ አንሷት።