በሐዋሳ ጓሮ ቆሮሶ ለማርባት፦ መጀመሪያ ወንዱን ከሴቷ ለዩ

ከሐዋሳ ሐይቅ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ እየኖርኩ በጓሮዬ የዓሣ ኩሬ ሳስቆፍር ጎረቤቶቼ ግራ ተጋብተው ነበር። እኔ ግን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እየሄድኩ ዓሣ ስገዛ የኖርኩ ሴት ነኝ። እናቴ አንዱን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ጠብሳ ለሁለት ልጆች ታካፍለን ነበር፤ አሁን የምገዛው ሦስቱ ለአንድ ልጅ አይበቃም። ሐይቁ ማረፍ አለበት፤ ልጆችም ዓሣ መብላት አለባቸው።

በመጀመሪያው ዓመት 60 ካሬ ሜትር በሆነው ኩሬዬ ውስጥ ወንድና ሴት ሳልለይ 120 ጫጩት ጨመርኩ። ከስምንት ወር በኋላ ውሃውን ሳፈስ ባልዲዎቹን የሞላው ጣት የሚያህል ዓሣ ነበር። የዚያን ቀን አልቅሻለሁ። ቆሮሶ ገና መዳፍ ሳታክል መራባት ትጀምራለች። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ። እንዲህ ያለ እናትነት ያስደንቀኛል። ኩሬው ግን በጫጩት ይሞላል፤ ምግቡ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ አንዱም አያድግም። ስለዚህ ለምግብ የምታሳድጉት ወንዱን ብቻ ይሁን፤ ዕድገቱም ከሴቷ ይፈጥናል።

ለመለየት ጫጩቶቹን በትንሽ ጉድጓድ 30 ግራም ገደማ እስኪደርሱ አቆዩአቸው። ዓሣውን በእርጥብ እጅ ይዛችሁ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጡ። ወደ ጅራቱ ካለው የታችኛው ክንፍ ፊት ለፊት ትንሽ እብጠት ታያላችሁ። ወንዱ ፊንጢጣውን ጨምሮ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሴቷ ሦስት አላት፤ መካከለኛው እንደ አግድም ስንጥቅ ቀጭን ነው። ካልታያችሁ ጠብታ ቀለም ቀቡት፤ ስንጥቁ ቀለሙን ይይዛል። መጀመሪያ ብዙ ትሳሳታላችሁ፤ እኔ ከመቶው አሥሩን አሁንም እስታለሁ። ስለዚህ ከሁለት ወር በኋላ ከቆሮሶዎቹ የሚያንሱ አምስት ስድስት አምባዛዎች (ትናንሽ ዓሣ የሚበላ ሌላ የዓሣ ዓይነት) እጨምራለሁ፤ ሾልከው የተፈለፈሉትን እነርሱ ይለቅሙልኛል። ሴቶቹ ቆሮሶዎች ለሾርባ ይሆናሉ።

ጫጩት ከሐይቁ ዳር በጠባብ መረብ አጥምዶ ከሚያመጣ ሰው አትግዙ። ጥልቀት የሌለው የሐይቅ ዳር የዓሣ መራቢያ ነው፤ ከዚያ የሚታፈሰው የነገው ዓሣ ነው። ጫጩት ከሚያባዛ ማዕከል ጠይቁ።

የቆፈራችሁት ቦታ ዛፍ የማያጠላበት ይሁን። ጥልቀቱ በአንድ በኩል አንድ ሜትር፣ በሌላው 1.30 ይሁን። አፈሩን አርጥባችሁ አድቦልቡሉና ወደ ላይ ወርውራችሁ ቅለቡት፤ ከፈረሰ ውሃ አይይዝም። የእኛ ሰፈር አፈር አሸዋማ ስለሆነ እኔ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ) አንጥፌአለሁ።

ዓሣ ከመጨመራችሁ በፊት ፍግ በጆንያ ሞልታችሁ በኩሬው ጥግ ስቀሉ። ከቀናት በኋላ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ የቆሮሶ ዋናው ቀለብ ይህ ነው። እጃችሁን እስከ ክርን ንከሩ፦ ክርናችሁ ውሃ ሳይነካ መዳፋችሁ ከጠፋ ውሃው ከመጠን በላይ ወፍሯል፤ ጆንያውን አውጡ። ከክርናችሁ በላይ ሰምጦም መዳፋችሁ ከታየ ፍግ ጨምሩ። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ ይበቃል።

ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅላችሁ ጠዋትና ከሰዓት ስጡ። በየወሩ አሥር ዓሣ መዝኑ። 120 ዓሣ እያንዳንዱ 100 ግራም ሲደርስ ጠቅላላው 12 ኪሎ ነው፤ የቀን ቀለባቸው ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል። በሩብ ሰዓት ያልጨረሱትን በማግስቱ ቀንሱ።

ንጋት ላይ ሳትነሡ አትቅሩ። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ከጎረሱ ኦክስጅን አንሷል ማለት ነው። የዚያን ቀን ቀለብም ፍግም አቁሙ፤ ንጹሕ ውሃ ከከፍታ አፍስሱበት።

ሊጠመድ አንድ ቀን ሲቀረው ቀለብ አትስጡ፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ ሲጸዳ ንጹሕ ነው። ከኩሬው የሚወጣውን ውሃ ወደ ጎመኑ መልሱት። ሁለት መቶ ግራም ያለፈውን ቆሮሶ ጎንና ጎኑን ሸንትራችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ፣ በጋለ ዘይት ጥበሱት። ዳጣውን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ይበላ።