የበረዶ ወራት ጨው ፒክአፕን እንዳይበላ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሚኒሶታ፣ በኦሃዮ ወይም በሜሪላንድ የሚኖር ወገናችን ያገለገለ ፒክአፕ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ሞተሩን፣ ጎማውንና የተነዳበትን ርቀት ነው። ልማዱ ከአገር ቤት የመጣ ነው፤ በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል መንገድ ላይ ጨው ስለማይበተን፣ ብዙ ዓመት የሠራ ሂሉክስ ሞተሩ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ተገጥሞም ሻንሲው (ሞተሩንና ገላውን የሚሸከመው የብረት አጽም) ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በረዶ በሚበረታበት የአሜሪካ ክፍል ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ሞተሩ ገና ሙሉ ጉልበት እያለው ሻንሲው ከሥሩ ይበሰብሳል። ሞተር ሊቀየር ይችላል፤ የተበላ ሻንሲን መቀየር ግን ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ዋጋ በላይ ያስወጣል። ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጡት ገንዘብንና ጊዜን በሚታየው የመኪናው ክፍል ላይ አውሎ የማይታየውን ከመርሳት ነው።

ቀለሙን እየጠበቁ ሻንሲውን መርሳት

ሰም የተቀባና የሚያብረቀርቅ ላሜራ ስለ መኪናው ጤንነት የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። የብዙ ፒክአፖች ሻንሲ፣ ሙሉ በሙሉም ባይሆን በከፊል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ነው፤ በጎንና በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ጨዋማ ጭቃ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ፀሐይም ነፋስም ስለማይደርሰው ለሳምንታት ረጥቦ ይቀመጣል። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከውስጥ እየገፋ ያነሣዋል፤ በውጭ በኩል ትንሽ እብጠት የታየ ዕለት ውስጡ ከሳሳ ብዙ ጊዜ አልፎት ሊሆን ይችላል።

ይህ ለጥቂት ግዴለሽ ባለንብረቶች ብቻ የደረሰ ችግር እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶዮታ ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ ታኮማዎችን፣ የ2007 እና የ2008 ተንድራዎችን፣ እንዲሁም ከ2005 እስከ 2008 የተሠሩ ሴኮያዎችን የሚመለከተውን የሻንሲ ዝገት ክስ፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል በተገመተ ስምምነት ቋጭቷል። በጥንካሬው ስሙ የገነነ መኪና እንኳ ጨውን እንደማይችል ለመረዳት ይህ በቂ ነው። ከ2015 ሞዴል ጀምሮ የፎርድ ኤፍ-150 ገላ ከአሉሚኒየም በመሠራቱ የሚመኩ ባለንብረቶችም ሻንሲው አሁንም ብረት መሆኑን ማስታወስ አለባቸው።

ዝገትን ከብርዱ ጋር ማያያዝ

ብረትን የሚበላው ብርዱ ሳይሆን የእርጥበት፣ የጨውና የሙቀት መገናኘት ነው። በረዶው ቀልጦ የሚፈጥረው ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር የሚያደርገውን ውህደት ያፋጥነዋል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ውህደቱ ይብሱን ይፈጥናል። ስለዚህ በጨው የተለወሰን መኪና ከውጭ አምጥቶ በማሞቂያ በሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ ማሳደር፣ ለመኪናው በማዘን የሚደረግ ቢሆንም፣ ይጎዳዋል። በረዶ ሆኖ የተጣበቀው ጨው ሌሊቱን ሙሉ እየቀለጠ ሥራውን ይቀጥላል። የሚሞቅ ጋራዥ ያለው ሰው መኪናውን መጀመሪያ ከሥሩ አጥቦ ቢያስገባው ቶሎ ይደርቅለታል፤ ማጠብ ካልቻለ ግን ደጅ ማሳደሩን እኔ እመርጣለሁ።

በዚህ ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ሁሉ የገበታ ጨው ዓይነት አይደለም። የገበታ ጨው የሆነው ሶዲየም ክሎራይድ ከ15 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ሲወርድ በረዶ የማቅለጥ አቅሙ በጣም ስለሚደክም፣ በብርቱ ቅዝቃዜ ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመራሉ። እነዚህ ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አላቸው፤ መንገዱ ደረቅ መስሎ በሚታይበት ቀን እንኳ ብረቱ ላይ የቀረው ቅሪት እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። «በረዶ ካልጣለ ሰነበተ፤ ማጠብ አያስፈልግም» የሚለው ሐሳብ የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ላይ ላዩን ማጠብ፣ ወይም ለፀደይ ማቆየት

የበረዶው ወራት አልፎ አንድ ጊዜ በደንብ ማጠብ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በበረዶው ወራት ሙቀቱ ከቅዝቃዜ ነጥብ በላይ የሚወጣባቸውን ቀናት እየጠበቁ፣ ቢቻል በየሁለት ሳምንቱ፣ ከሥር ውሃ የሚረጭ ላቫጆ መግባት ያስፈልጋል። ላቫጆው ከሥር የሚረጨው ውሃ ተጣርቶ ዳግም የሚጠቀሙበት መሆኑን መጠየቅ አያሳፍርም፤ እንዲህ ከሆነ ቢያንስ የመጨረሻው ማለቅለቂያ በንጹሕ ውሃ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ የሚያጥብ ሰው ደግሞ የፓራፋንጎዎቹን የውስጥ ጠርዝ፣ የባሌስትራዎቹን (ጭነቱን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ሞላዎች) መገናኛ፣ ከኋላ ጎማዎች በላይ ያለውን የሻንሲ ክፍልና የካሶኒውን (የኋላውን የዕቃ መጫኛ) ሥር ይያዝ፤ ጭቃ የሚከማቸው እዚያ ነውና። ከፍተኛ ግፊት ያለውን የውሃ ጠመንጃ ግን ወደ ኤሌክትሪክ ሶኬቶች አያስጠጉ።

ያገኙትን ጥቁር ቅብ መለቅለቅ

ከሁሉም ስህተቶች ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ባለንብረቱ ገንዘብ አውጥቶ፣ መኪናውን ጠበቅሁ ብሎ ልቡ አርፎ ሳለ ጉዳቱ ይቀጥላል። ጎማ መሰሉ ጥቁር ቅብ በንጹሕና በደረቅ አዲስ ብረት ላይ ሲቀባ ለተወሰነ ጊዜ ይጠቅማል። ጊዜ ሲያልፍ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጠጠርም ይፈነቅለዋል፤ በተከፈተው ስንጥቅ ጨዋማ ውሃ ገብቶ ከቅቡ በታች ይታሸጋል፤ ዝገቱ ማንም ሳያየው ይስፋፋል። ዝገት በጀመረ ብረት ላይ መቀባቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ በሽታውን ከነመድኃኒት መግቢያው ይዘጋዋል።

ለጨው አገር የምመክረው የማይደርቀውን፣ እንደ ዘይት ሆኖ የሚቀረውን መከላከያ ነው፤ ከበግ ጸጉር ከሚገኘው ላኖሊን የተሠራው ወይም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው ዘይት በየዓመቱ ይረጫል። ዘይቱ ወደ ስንጥቅና ወደ መገጣጠሚያ እየሰረገ ስለሚገባ፣ የጀመረ ዝገት ላይ እንኳ አየርና እርጥበት እንዳይደርስ ያግዳል። እንከኑ ውሃ ቀስ በቀስ ስለሚያጥበው ዓመት ቆጥሮ መታደስ ያለበት መሆኑ ነው። ጊዜው የበረዶው ወራት ከመግባቱ በፊት፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው፤ መኪናው ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ይረጫል። ባለሙያው ከውጭ ብቻ ረጭቶ እንዳይመልስዎ፣ በረጅም ቀጭን ቱቦ በሻንሲው ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ፣ በበሮቹና በካሶኒው የኋላ መዝጊያም ውስጥ እንዲረጭ በግልጽ ይጠይቁት። በበሮቹና በሻንሲው ሥር ያሉት የውሃ ማውረጃ ቀዳዳዎች ፈጽሞ መደፈን የለባቸውም። የፍሬን ዲስኮችና ሸራዎች፣ ቺንጊያዎች፣ እንዲሁም የሚግለው የጭስ ማውጫ ማርሚታና ቱቦው ሊነኩ አይገባም፤ ዘይት የማይቋቋም ጎማም ሊያብጥ ስለሚችል የምርቱን መመሪያ አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። አዲስ መኪና ገዝቶ «ለእሱ ገና ነው» ማለትም ስህተት ነው፤ ከሁሉ የተሻለው የመጀመሪያ ርጭት ጨው ያልነካው ብረት ላይ የሚደረገው ነው።

ካሶኒውን በፕላስቲክ አልብሶ መርሳት

ተገጣጥሞ የሚቀመጠው የፕላስቲክ ልባስ ከዕቃ ግጭት ያድናል፤ ነገር ግን መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀለሙን እየፋቀ ከሥሩ ውሃና ጨው ይይዛል። ካለዎት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ አውጥተው ያጥቡ፣ ያድርቁ። በቀጥታ ብረቱ ላይ የሚረጨው ልባስ ይሻላል።

በዝገት ላይ ስቱኮና ቀለም መለጠፍ

ጠጠር የፈነቀለውን ቀለም ዝገት ሳይጀምር በቀለም መድፈን ትንሽ ሥራ ነው፤ ከጀመረ በኋላ ግን የሚለቀውን ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ጠንካራው ብረት ማውረድ፣ ቀጥሎም ዝገት የሚለውጥ ኬሚካል መቀባት፣ ከዚያ ጸረ-ዝገት ቀለምና የላይኛውን ቀለም ማስከተል ግድ ነው። ታኒክ አሲድ ያለው ኬሚካል የቀረውን ቀጭን ዝገት ወደ ጥቁር የተረጋጋ ውህድ ይለውጠዋል፤ የሚፈረፈረውን ወፍራም ዝገት ግን አይፈውስም። ቀዳዳ ያበጀ ሻንሲ ላይ ስቱኮ (የቀዳዳ መሙያ ሊጥ) መለጠፍ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ማታለል ነው፤ መፍትሔው በብየዳ ባለሙያ እጅ ብቻ ነው።

ከባትሪ ጋር በሚያያዝ ጸረ-ዝገት መሣሪያ መተማመን

በኤሌክትሪክ ዝገትን መከላከል ለመርከብና ለተቀበረ ቱቦ ይሠራል፤ ምክንያቱም ብረቱ በሙሉ በውሃ ወይም በእርጥብ አፈር ተከቦ ጅረቱ የሚዘዋወርበት መንገድ አለው። አየር ላይ የቆመ መኪና ይህ መንገድ የለውም። ለመሣሪያው የሚወጣው ገንዘብ ለርጭቱ ቢውል ይሻላል።

የፍሬን ቱቦውንና የስኮርታውን ገመድ አለማየት

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ጨው በሚበዛባቸው 20 ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ የሚነዱ ሰዎች የመኪናቸውን ሥር እንዲያጥቡና በተለይ የ2007 ወይም ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪናዎችን የፍሬን ቱቦ እንዲያስመረምሩ መክሮ ነበር። ሚኒሶታ፣ ኦሃዮና ሜሪላንድ ከግዛቶቹ መካከል ናቸው። የተበላ የብረት ቱቦ የሚፈነዳው ፍሬን በኃይል ሲረገጥ፣ ማለትም እጅግ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ነው። ቱቦው ቅርፊት እያነሣ ከሆነ በኒኬልና በመዳብ ቅይጥ ቱቦ ማስቀየር ከዝገት የሚያሳርፍ መፍትሔ ነው። ከካሶኒው ሥር ስኮርታ ጎማውን የሚይዘው የብረት ገመድም እየዛገ ይጣበቃል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማውን እስከ መሬት አውርደው ገመዱን ግራሶ ይቀቡ።

ያገለገለ ፒክአፕ ሊገዙ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ የእጅ ባትሪና ትንሽ መዶሻ ይያዙ፤ በሻጩ ፈቃድ በተለይ ከኋላ ጎማዎች በላይ ያለውን ሻንሲ ቀስ ብለው ይምቱት። ጤነኛ ብረት ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የሳሳው ደብዛዛ ድምፅ አሰምቶ ቅርፊት ያረግፋል። ሥሩ በሙሉ ትናንት የተቀባ የሚመስል ትኩስ ጥቁር ቅብ ካዩ፣ መኪናው በሊፍት ተነሥቶ በገለልተኛ ሜካኒክ ሳይታይ ቀብድ አይክፈሉ።